የሰባት ቀን ሻንጣ

እትዬ ጌጤነሽ መሞታቸውን የነገረችኝ የእህታቸው ልጅ ማርታ ናት። ስልኬ ሲጮህ ገርጂ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነበር። ቀብሩ አልፏል፣ ሠልስቱም ወጥቷል። «ቁጥርሽን ከሰው ከሰው አፈላልጌ ያገኘሁት ዛሬ ነው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ» አለችኝ። ቀጠለችና «አንድ ቦርሳ አለ። ለትዕግሥት ስጡልኝ ብለው ነበር» አለች። ምን ዓይነት ቦርሳ ብዬ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ታክሲው መጣ፣ ከኋላዬ የነበሩት ተጋፍተውኝ ገቡ፣ እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ስለ እሳቸው ሲነሳ የሚያናድደኝ ነገር አለ። የድሮ የሥራ ባልደረቦቻችን የሚያስታውሱት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ያቺ በየዓመቱ ኬንያ ድረስ ሄዳ አሸዋ ላይ የምትተኛዋ ሴትዮ?» ይላሉ፤ ከዚያ ይስቃሉ። አዎ፣ እሳቸው ናቸው። እኔም እንደነሱ የሳቅሁበት ጊዜ ስላለ ብዙ መናደድ አይገባኝም።

ሥራ ስጀምር ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ዘመኑ የደርግ ነው። የተመደብኩት ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ባለቤታቸው ያልተገኘ ሻንጣዎች በሚቀመጡበት ክፍል ነው። ሦስት ነበርን። አለቃችን ጋሽ ደምሴ የስድስት ልጆች አባት ናቸው፤ ከቃል ይልቅ ጉሮሮ በመጥረግ የሚናገሩ ሰው ነበሩ። እትዬ ጌጤነሽ ዐርባዎቹን የጀመሩ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ፀጉራቸውን ሁልጊዜ ወደ ኋላ አጥብቀው የሚያስሩ ሴት። እኔ ደግሞ ታይፒስት።

ባለቤቱ ያልታወቀ ሻንጣ ሲኖር ይከፈትና በውስጡ ያለው አንድ በአንድ ይመዘገባል። ከፋቿ እትዬ ጌጤነሽ፣ ጸሐፊዋ እኔ ነን። እሳቸው ሻንጣ ከመክፈታቸው በፊት ወደ መታጠቢያው ሄደው እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ። ሲመለሱ ቀለበታቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡና ሻንጣውን «ይቅርታ ያድርጉልን» ይሉታል፤ ያውም በአንቱታ። የመጀመሪያው ቀን ሳቄ አመለጠኝ።

«ምን ያስቅሻል?» አሉኝ። «የሰው ገመና እኮ ነው የምንከፍተው። የማታውቂው ሰው ቁም ሣጥንሽን ቢከፍት እጁ ንጹሕ እንዲሆን አትፈልጊም?»

ከዚያ ወዲህ ሲታጠቡ ፎጣ ይዤ የምጠብቃቸው እኔ ሆንኩ።

ሻንጣ ያነቡ ነበር ብል አልዋሸሁም። ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ፎጣ፣ መላጫ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ባዶ ቦታ ካዩ «ይኼ የሰባት ቀን ሻንጣ ነው» ይላሉ። «የሚመለስ ሰው ባዶ ቦታ ይተዋል። ይዞት የሚመጣው ነገር አለዋ!» ሻንጣው ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ዚፑ በጉልበት ተዘግቶ ሲያገኙት ግን ዝም ይላሉ። ዝምታቸውን ለመረዳት ብዙ ወር ፈጀብኝ።

አንድ ጠዋት መለያው የተበጠሰ ሻንጣ መጣልን። እትዬ ጌጤነሽ ከፈቱት። ጋቢ ወጣ። በፍሬም ያለ የአሮጊት ሴት ፎቶ ወጣ። በጨርቅ የተቋጠረ በርበሬ፣ ከሥሩ ደግሞ የትምህርት ማስረጃ። ስሙን ከማስረጃው አይተን ከተሳፋሪዎቹ ዝርዝር ጋር ስናመሳክር፣ ሰውዬው ባለፈው ቀን ለሁለት ሳምንት ስብሰባ ወደ ሙቅ አገር የበረረ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። እኔ ሞኟ «አንድ ጋቢ፣ አንድ ፎቶ ግራፍ ከነፍሬሙ» እያልኩ ስመታ፣ እጃቸውን የታይፑ ፊደላት ላይ ጫኑት።

«ልብስና የግል ዕቃ ብለሽ ጻፊ።»

«ግን እኮ እትዬ፣ ዝርዝር...»

«ትዕግሥት፣ ጋቢ ልብስ አይደለም? ፎቶውስ የግል ዕቃ አይደለም?»

የዝርዝሩ አንድ ቅጂ ሁልጊዜ ወደ ፎቅ ይላካል፤ ፎቅ ላይ ያለው ሰውዬ ምን እንደሚሠራ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ወረቀቱን አውጥቼ ቀደድኩና እንዳሉኝ ጻፍኩ። ሻንጣው በማግሥቱ ባለቤቱን ተከትሎ በረረ። ሰውዬው እንዳልተመለሰ የሰማነው ከወር በኋላ ነው። እትዬ ጌጤነሽ ወሬውን ሰምተው ቀና እንኳ አላሉም፤ እርሳሳቸውን እየቀረጹ ነበር።

የእሳቸው የራሳቸው ሻንጣ ሻንጣም አይባልም፤ በጀርባ የሚታዘል ግራጫ የሸራ ቦርሳ ነው። የአየር መንገድ ሠራተኛ በዓመት አንዴ የቅናሽ ቲኬት ያገኛል። ሌላው ሰው በዚያ ቲኬት ቦምቤይ ወይም ሮም ሄዶ ጫማና ሸሚዝ ተሸክሞ ይመጣል። እትዬ ጌጤነሽ ግን የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ቦርሳቸውን አዝለው ናይሮቢ ይወርዳሉ፤ ከናይሮቢ በባቡር ሞምባሳ። እዚያ ባሕሩ ዳርቻ ላይ ቦርሳ አዝለው አገር ላገር የሚዞሩ ወጣት ፈረንጆች የሚያድሩበት ርካሽ ማረፊያ አለ። ሰባት ቀን እዚያ ይሰነብቱና ይመለሳሉ። የሚያመጡት ነገር ቢኖር ለእኔ አንድ ዛጎል፣ ለጋሽ ደምሴ አንድ ዛጎል ነው።

ይኼን ማን ያምናል? ወርቅ ታሻግራለች ያለ አለ። ውሽማ አላት ያለም አለ። ከሁሉ የከፋው ለፎቁ ሰውዬ ትሠራለች የሚለው ነበር፤ ካልሆነማ በየዓመቱ እንዴት ትወጣለች? የነሐሴ መጨረሻ ደግሞ ለአብዮት በዓል የሰልፍ ልምምድ የምንሰለፍበት ጊዜ ነው። እኛ በዝናብ ግራ ቀኝ ስንል እሳቸው አሸዋ ላይ ናቸው። ይኼ የመሥሪያ ቤታችንን ካድሬ ዕረፍት ነሳው። አንድ ቀን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ክፍላችን መጣ።

«ጓድ ጌጤነሽ፣ እዚያ ሄደው ምንድን ነው የሚሠሩት?»

«ምንም።»

«ምንም ማለት?»

«አሸዋ ላይ እቀመጣለሁ። ሲመሽ እተኛለሁ። ሲነጋ ተመልሼ እቀመጣለሁ።»

«ለማረፍ ከሆነ ላንጋኖ አለ አይደል?»

«ሄጄ ነበር። እርስዎም እዚያው ነበሩ።»

ጋሽ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኔ ሳቄን ለመደበቅ ጠረጴዛ ሥር ካርቦን ፈለግሁ። ካድሬው ፊቱ ቀላ፤ ወረቀቱን አየ፣ እሳቸውን አየ። «ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?» አለ።

«አርፋ ተመለሰች ብለው ይጻፉ።»

ጻፈውም። ምን ያድርግ?

ያኔ ከአገር ለመውጣት የመውጫ ቪዛ ያስፈልጋል፤ ለመውጫ ቪዛው ደግሞ ዋስ። ሂያጁ በቀኑ ካልተመለሰ የሚጠራው ዋሱ ነው። ከዕቃ ጭነት ክፍል አንድ ሰው ለሚስቱ ወንድም ፈርሞ ዓመት ሊሞላው ሲል ከእስር ተፈታ፤ ሲወጣ ሥራውም ቤቱም አልነበረም፣ ፀጉሩም ነጭ ሆኖ ነበር። ከዚያ በኋላ ዋስ ሁነኝ ሲባል ሰው መንገድ ይቀይር ጀመር። ለእትዬ ጌጤነሽ በየዓመቱ የሚፈርሙት ጋሽ ደምሴ ናቸው። ቅጹን የምመታው እኔ ነኝ። ሁልጊዜ «አንድ ግልባጭ ለእኔ» ይሉኛል። ምን ያደርግልዎታል ብዬ ጠይቄያቸው አውቃለሁ። «ማን እንደፈረመልኝ እንዳልረሳ» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ወንድሜ ታደለ ጉርድ ሾላ አውቶቡስ ሲጠብቅ በአፈሳ ተወሰደ። ወደ ሰሜን ላኩት። በስድስተኛው ወር መርዶው መጣ። እናቴ ሐዘኑን በወጉ ተቀመጠች፤ ስትነሳ ግን ሌላ ሴት ሆና ተነሳች። «አንቺን አልሰጥም» አለችኝ። እኔ ሴት ነኝ፣ ማን ይወስደኛል ብላት «ታደለስ አውቶቡስ ሲጠብቅ አይደል?» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐሳቧ አንድ ብቻ ሆነ፤ በሩቅም ቢሆን በሕይወት ያለ ልጅ ይኑረኝ።

እትዬ ጌጤነሽ የቤታችንን ምክር አያውቁም። የሚያዩት ከሐዘን ተመልሼ የምመታው ሁሉ ስሕተት መሆኑን ነው። አንድ ቀን የጻፍኩትን ወረቀት ሦስተኛ ጊዜ መለሱልኝና «አንቺ ልጅ፣ ደክሞሻል» አሉኝ።

«ሐዘን ነው እትዬ።»

«ሐዘኑን አውቀዋለሁ። እኔ የምልሽ ድካሙን ነው። ዘንድሮ ከእኔ ጋ ትሄጃለሽ።»

ለእናቴ ስነግራት ፊቷ በራ፤ ከመርዶው ወዲህ እንዲያ ስትሆን አላየኋትም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በር ዘግታ የትምህርት ማስረጃዬን በላስቲክ ጠቀለለችና የቦርሳዬን ገበር ተርትራ ከውስጥ ሰፋችው። በጥቁር ክር፤ ቤት ውስጥ የተገኘው እሱ ነው። ሹራብ ጨመረችበት፤ ከናይሮቢ በኋላ የት እንደምደርስ ስለማይታወቅ። በስድስተኛው ቀን ከሞምባሳ በአውቶቡስ ተነስቼ ናይሮቢ ያለች አንዲት የሩቅ ዘመዳችን ዘንድ እንድገባ፣ እሷም ወደ ስደተኞች ጉዳይ ቢሮ እንድትወስደኝ ነበር ውጥኑ።

የቀረው ዋስ ነው። አጎቴ «ልጆች አሉኝ» አለ። አልፈረድኩበትም። ሌላ ሁለት ሰው ጠየቅሁ፤ ሁለቱም ድንገት ሥራ በዛባቸው።

«ዋስ አገኘሽ?» አሉኝ እትዬ ጌጤነሽ።

«አላገኘሁም።»

«ቅጹን አምጪው።»

ስሜን ከላይ፣ ስማቸውን ከታች መታሁት። ጣቶቼ ይንቀጠቀጡ ስለነበር ስማቸውን ተሳስቼ ደግሜ ጻፍኩት። ሊፈርሙ ሲሉ ልናገር ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ የእናቴ ፊት መጣብኝና ዘጋሁት። በሕይወቴ ብዙ አሳፋሪ ነገር አድርጌያለሁ፤ እንደዚያች ደቂቃ ያፈርኩበት የለም። ቪዛ የሚሰጠው ሰውዬ ወረቀቱን አገላብጦ «ዋሷም አብረው ተጓዥ ነዎት?» ሲላቸው «ታዲያ ከእኔ የተሻለ ማን ይጠብቃታል?» አሉት። ሳቀና ማኅተሙን መታ።

ማረፊያው በዘንባባ ቅጠል የተከደነ ረጅም ቤት ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ስምንት የብረት አልጋ፣ በየአልጋው ላይ የተቋጠረ አጎበር። ባለቤቷ ወፍራም አሮጊት ናት፤ እትዬ ጌጤነሽን ስታይ «ማማ ጌጤ!» ብላ ጮኸች። እሳቸው ቦርሳቸውን አልጋው ራስጌ አንጠለጠሉ፣ የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው ጫማቸው ውስጥ ከተቱ፣ ጫማውን አልጋ ሥር ገፉት። ለሰባት ቀን ሰዓትም ጫማም አላደረጉም።

ውሃውን መጀመሪያ ሳየው አለቀስኩ። ደስታ አልነበረም። እኛም የራሳችን ባሕር ነበረን፤ ታደለ ወደዚያ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው የቀረው፤ እኔ ግን ባሕር ለማየት የሰው አገር መምጣት ነበረብኝ። እትዬ ጌጤነሽ አይዞሽ አላሉኝም። ሰፊ ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊቴ ላይ ደፉልኝና፣ ማንም እንዳያየኝ አድርገው፣ አጠገቤ ተቀመጡ።

ሁለት ቀን ሙሉ ተኛሁ። ስነቃ ያበሉኛል፤ በኮኮናት የተቀቀለ ሩዝና የተጠበሰ ዓሣ። «አገር ቤት ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም ብለን ስንጨቃጨቅ ኖርን፤ እዚህ ፍስክ ስለሆነ በሰላም እንብላው» ይሉ ነበር። ጠዋት ጠዋት ቀሚሳቸውን ሰብስበው ውሃው ቁርጭምጭሚታቸው እስኪደርስ ይገባሉ። እዚያ ቆመው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ጮክ ብለው በአማርኛ «ዛሬ የማንም ሻንጣ አልጠፋም!» ይላሉ። ፈረንጆቹ ጸሎት ይመስላቸዋል። ከዚያ በኋላ እውነትም ምንም አይሠሩም። አያነቡም፣ አይዋኙም፣ ዳንቴል አይሠሩም። ቁጭ ይላሉ። በሦስተኛው ቀን እኔም ቁጭ ማለት ቻልኩ፤ አራተኛው ቀን ላይ ከመርዶው ወዲህ መጀመሪያ ጊዜ ታደለን ሬሳ ሆኖ ሳይሆን ቆሜ ልብስ ሳጥብ ውሃ ሲረጨኝ አሰብኩት።

አንዲት የሆላንድ ልጅ ከጎናችን አልጋ ነበራት። በእኔ ዕድሜ ናት፤ ቤቷን ከለቀቀች ዓመት ሊሞላት ነው። ከዚህ ወደ ታንዛንያ፣ ከዚያ ወደ ሕንድ ስትል እትዬ ጌጤነሽ በእንግሊዝኛ «ዋስ ማን ሆነልሽ?» አሏት።

«ለምኑ?» አለች ልጅቷ።

እትዬ ጌጤነሽ ሊያስረዷት ሞከሩ። ልጅቷ ሦስት ጊዜ «አልገባኝም» አለች። በመጨረሻ ተዉት። «አይግባት፤ ይኼ የማይገባው ሰው አለ ማለት ጥሩ ነው» አሉኝ በአማርኛ።

በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሳልጠይቃቸው፣ ስለ ባላቸው ነገሩኝ። ባል እንደነበራቸው እንኳ አላውቅም ነበር። «በቀይ ሽብር ጊዜ ነው» አሉ። «ለጥያቄ ትፈለጋለህ ብለው ከአልጋው አስነስተው በፒጃማ ወሰዱት። ሻንጣ አልያዘም። እስከ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። ስለዚህ ሻንጣ የያዘ ሰው ሳይ ደስ ይለኛል፤ የትም ይሂድ፣ አስቦበት ነው የሄደው።» አሸዋውን በጣታቸው ይጭሩ ነበር። ድምፃቸው የሥራ ወሬ እንደሚያወሩ ነው።

ስድስተኛው ቀን ደረሰ። አውቶቡሱ ረፋድ ላይ ነው የሚነሳው። እሳቸው ወደ ውሃው ሲወርዱ ጠብቄ ቦርሳዬን ከአልጋ ሥር ሳብኩ። ማስረጃው በቦታው መኖሩን ለማረጋገጥ እጄን ወደ ገበሩ ሰደድኩ። አለ። ግን ክሩ ጥቁር አልነበረም። ግራጫ ነው። ስፌቱ ጥቃቅን፣ እኩል፣ ፋብሪካ የሰፋው እንጂ የሰው እጅ የነካው አይመስልም። የእናቴ ጥቁር ክር ተተርትሮ ወጥቶ በትንሹ ተጠቅልሎ የቦርሳው ኪስ ውስጥ ተቀምጧል።

አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ቦርሳውን እዚያው ትቼ ወደ ውሃው ወረድኩ። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆመዋል።

«ክሩን...» አልኩ።

«ጥቁሩ ከሩቅ ይጮሃል» አሉ ሳይዞሩ። «ፍተሻ ላይ የሚቆሙት ሰዎች ዓይናቸው ከእኔ አያንስም። እናትሽ ናት የሰፋችው?»

«አዎ።»

«እጇ ጥሩ ነው። የሚመሳሰል ክር ነው ያጣችው።»

«መቼ ነው ያወቁት?»

«ቦሌ፣ ቦርሳሽን ሚዛን ላይ ሳወጣልሽ። ሞምባሳ ሰባት ቀን ለመቀመጥ ሹራብ ምን ያደርግልሻል? ባዶ ቦታም አልተውሽም።» ዞሩ። «ከዚያ በፊትም ቅጹን ስትመቺ ጣትሽን አይቼ ነበር። የፈረምኩት አውቄ ነው።»

«እርስዎንስ? ብቻዎን ሲመለሱ ምን ያደርጉዎታል?»

«እሱን ለእኔ ተዪው። ስትነሺ ደክሞሽ ነበር፤ ከምን እንደምትሸሺ እንጂ ወዴት እንደምትሄጂ አታውቂም ነበር። አሁን አርፈሻል። አሁን ወስኚ። ከሄድሽም አልቀየምሽም፤ ቦርሳሽ ተዘጋጅቷል።»

ይኼን ብለው ወደ ማረፊያው አልሄዱም፣ አልጠበቁኝም፣ አላቀፉኝም። ተመልሰው ወደ ባሕሩ ዞሩ። እኔ አሸዋው ላይ ተቀመጥኩ። ከኋላችን በመንገዱ ላይ አውቶቡሱ ሲያልፍ ሰማሁት።

ጀግንነት አልነበረም። አገሬን ወድጄ የተመለስኩ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል፤ ያን ጊዜ አገሬን አልወድም ነበር። እናቴን ልቧን እንደምሰብራት አውቄ ነበር። ግን ያቺ ሴት በነዚያ ንጹሕ እጆቿ ማምለጫዬን በጥንቃቄ ሰፍታልኝ፣ ብቻዋን ቦሌ ስትወርድ፣ ሁለት ሰዎች ከበሩ አጠገብ ቆመው ሲጠብቋት ታየኝ። ያን ረግጬ መሄድ አልቻልኩም። በሰባተኛው ቀን ማታ አብረን ባቡሩ ላይ ተሳፈርን።

እናቴ በር ከፍታ ስታየኝ በጥፊ መታችኝ። ከዚያ አቅፋኝ አለቀሰች። ገበሩን ስትተረትረው ግራጫውን ክር አየችና «ይኼን ማን ሰፋው?» አለች። ነገርኳት። ዕንቁጣጣሽ ማግሥት ነጠላዋን አጣፍታ እትዬ ጌጤነሽ ቤት ሄደች፤ ግማሽ ቀን ቆይታ መጣች። ምን እንደተባባሉ ሁለቱም አልነገሩኝም። እናቴ ግን ከዚያ ወዲህ ሂጂ ብላኝ አታውቅም።

ጋሽ ደምሴ ጡረታ ሲወጡ ለእትዬ ጌጤነሽ ዋስ የምሆነው እኔ ሆንኩ። ደርግ እስኪወድቅ በየዓመቱ ፈረምኩላቸው። አንዴም አልፈራሁም። ሰው «ባትመለስስ?» ሲለኝ እስቅ ነበር። «እሳቸው? ቦርሳቸውን አይተኸዋል? ግማሹ እኮ ባዶ ነው» እላለሁ። ሁልጊዜ ይመለሱ ነበር፤ ዛጎሌንም አስቀርተውብኝ አያውቁም።

መንግሥት ተለውጦ ዋስ መጥራት ሲቀር፣ አሁንማ ደስ አላቸው፣ በዓመት ሁለቴም ይሄዳሉ ብዬ ነበር። ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜም አልሄዱም። «ሞምባሳን ተዉት እንዴ?» ስላቸው «አሁንማ በፈለግሁ ቀን እሄዳለሁ፤ ምን ያጣድፈኛል?» አሉኝ። ዕድሜ መስሎኝ አለፍኩት።

ጉርድ ሾላ ቤታቸው ለቅሶ ስደርስ ማርታ ግራጫውን ቦርሳ አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ሸራው ነጥቷል። «መታጠቢያ የት ነው?» አልኳት። እጄን በሳሙና ታጠብኩ፣ ቀለበቴን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አደረግሁ። ማርታ ግራ ገብቷት አየችኝና ውሃ ላምጣልሽ ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩና ከፈትኩት።

ሁለት ቀሚስ። ፎጣ። ሰፊው ባርኔጣ፣ ተጣጥፎ። የቀረው ባዶ ነው። የሰባት ቀን ሻንጣ። ፈገግ አልኩ። ልዘጋው ስል መዳፌ የጀርባውን ገበር ነካ፤ ከገበሩ ውስጥ የሆነ ነገር ኮሽ አለ።

ስፌቱን በዓይኔ ፈለግሁት። ግራጫ ክር። ጥቃቅን፣ እኩል። ከክሩ ግራና ቀኝ ሸራው በመርፌ ቀዳዳ ተወጋግቶ ወንፊት ሆኗል፤ በየዓመቱ እየተተረተረ በየዓመቱ እንደ አዲስ የተሰፋ። ያን ጊዜ ሞምባሳ ላይ አንድም ቀን ራሴን ያልጠየቅሁት ጥያቄ አሁን መጣብኝ። ለሰባት ቀን ዕረፍት የሄደች ሴት፣ ዳንቴል እንኳ የማትሠራ፣ ግራጫ ክርና መርፌ ምን ሊያደርግላት ያዘች?

ስፌቱን በጥፍሬ ተረተርኩት። በላስቲክ የተጠቀለለ ዲፕሎማቸው አለ፤ ከሥሩ ከባላቸው ጋር የተነሱት የሠርግ ፎቶ። ይኼ ሁሉ ዓመት በዚያ ባሕር ዳር ውሃው ውስጥ ጀርባቸውን ሰጥተው ሲቆሙ ምን ያስቡ እንደነበር ገባኝ። እንባዬ መጣ፤ አፈርኩም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ስፈርም የኖርኩት ለካ በየዓመቱ ላይመለሱ ለሚችሉ ሰው ነበር።

«ምን አለበት?» አለችኝ ማርታ ከጓዳ።

«ልብስና የግል ዕቃ» አልኳት።

ዲፕሎማው ግን እንዲሁ በቀላሉ የሚወጣ አልነበረም። በላዩ ላይ የዋስትና ቅጽ ግልባጮች በሥርዓት ተደርድረዋል፤ ከታች የጋሽ ደምሴ፣ ከላይ የእኔ። ካርቦኑ ደብዝዟል፤ ስሜ ግን ይነበባል። በየዓመቱ፣ እዚያ አልጋ ላይ ተቀምጠው፣ ዲፕሎማቸውን ለማውጣት መጀመሪያ ስሜን ማንሳት ነበረባቸው።